አሥራ አንዱ አቤቶች

መስከረም 14

ለአጎቴ የልጅ ልጅ፣

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ካለሽበት ያግኝሽ። ፈጣሪ እንዳለሽ ያቆይሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም እኔን ለማናደድ ካልሆነ ሌላ የሚታመምበት ምክንያት የለውም።

እንደምታውቂው ፊደል አልቆጠርኩም። ይህን የምትጽፍልኝ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ናት። ሱቋ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጬ እናገራለሁ፣ እሷ መኪናዋን አቁማ ትጽፋለች። እንዳልኩት ጻፊ፣ እንደ ሰው ሱሪ አታሳጥሪው ብያታለሁ። ትስቃለች።

ጉዳዬ አባቴ ነው፤ የአያትሽ ታላቅ ወንድም። የባሕር ማዶው ጦር ወታደር ሲቀጥር ወደብ ወርዶ ተቀጠረ፣ መርከብ ላይ ወጣ፣ በዚያው ቀረ። ሲሄድ እህቴ እትዬ ትንሽ ልጅ ነበረች፤ እኔ ደግሞ ገና በእናቴ ሆድ ውስጥ ነበርኩ። እኛ ቤት ሲነገር የኖረው እንዲህ ነው፦ ወንድ ልጅ ተወለደልህ የሚል ወሬ ጦር ሜዳ ድረስ ደረሰው፣ ከደስታው ብዛት ጠመንጃውን ወደ ሰማይ ተኮሰ፣ በማግሥቱ እየተዋጋ ወደቀ። እኔ በዚህ ወሬ ነው ያደግኩት። ሰው ሲገፋኝ «ለልደቴ ጠመንጃ የተተኮሰልኝ ልጅ ነኝ» እላለሁ።

አሁን እትዬ አልጋ ይዛለች። ዓይኗም ደክሟል። «የወደቀበትን ቦታ ሳልሰማ አልሄድም» ብላ ግግም ብላለች፤ ግግም ስትል ደግሞ ሞትም ቢሆን ደጅ ይጠብቃታል እንጂ አይደፍራትም። የዚያ ጦር መዝገብና የጡረታ ወረቀት አንቺ ባለሽበት ከተማ ተቀምጧል ሲባል ሰማሁ። ሂጂና ጠይቂልኝ። የት እንደወደቀ፣ የልጁንም ወሬ መስማቱን። ሌላ አልፈልግም።

አጎትሽ፣ በአውራ ጣቴ ፈርሜያለሁ።

(እህቴ፣ እኔ ልብስ ሰፊዋ ነኝ። «ሌላ አልፈልግም» ያሉትን ስጽፍ ድምፃቸው ተሰብሮ ነበር። ይህን መጨመሬን አያውቁም።)


ኅዳር 20

ለተከበሩ አባባ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? የእትዬስ? እኔ ደህና ነኝ፤ ብርዱ ገብቷል። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ደስ አለኝ፤ ከአባቴ ሞት በኋላ ከቤት ወገን የጻፈልኝ የለም።

የምሠራው ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ አንሶላ ከእንፋሎት ውስጥ አውጥተን ለሁለት ሆነን እንዘረጋለን፣ እናጥፋለን። የእረፍት ቀኔን ለእርስዎ ጉዳይ አድርጌዋለሁ። መዝገቡ ያለበት ቤት ትልቅ ነው፤ ካፖርት በር ላይ ያስወልቃሉ፣ እስክሪብቶ ይቀማሉ፣ እርሳስ ይሰጣሉ። ማንም ድምፁን ከፍ አያደርግም።

አባባ፣ ስማቸውን ጽፌ ሰጠሁ። አልተገኘም። በሌላ አጻጻፍ ሰጠሁ። አልተገኘም። በሟቾች፣ በቁስለኞች፣ በጡረተኞች መዝገብ እንዲፈለግ አደረግሁ። እንዲህ የሚባል ሰው በዚህ ጦር ውስጥ አገልግሎ አያውቅም አሉኝ። እንዲህ ብዬ መጻፍ ከብዶኝ ነው የዘገየሁት።

ለእትዬ መድኃኒት የሚሆን ትንሽ ብር ልላክ?

ልጅዎ


ታኅሣሥ 16

የአጎቴ የልጅ ልጅ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን፤ ለመዝገቡ ቤት ሰዎች ግን አይሁን።

ብር አልጠየቅኩሽም። አባቴን ነው የጠየቅኩሽ።

አገልግሎ አያውቅም ማለት ምን ማለት ነው? እናቴ ወደብ ድረስ ሸኝታዋለች። መርከቡ ላይ ሲወጣ አይታለች። ሰውዬው ባሕር መካከል ቀለጠ? እኔስ የማን ልጅ ነኝ፣ የንፋስ? ለእትዬ እስካሁን አልነገርኳትም። «ደብዳቤ መጣ?» ስትለኝ «ፖስታ ቤቱ ተዘግቷል» እላታለሁ። በየቀኑ የሚዘጋ ፖስታ ቤት የት አለ? እሷም አታምነኝም፣ እኔም እንደማታምነኝ አውቃለሁ።

ተመለሽና ጠይቂ። ዓይን ያለው ሰው ይፈልግ በያቸው።

(ክፉ ቃል ነበረበት፤ አሳጥሬዋለሁ። ልብስ ሰፊዋ።)


ጥር 27

ለተከበሩ አባባ፣

በያላችሁበት ሰላምና ጤና ይብዛላችሁ። ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለው ይስሙት።

ያለፈው ሳምንት ተመልሼ ሄድኩ። ሌሊቱን ሥራ ላይ ስላደርኩ እንቅልፍ ያዳፋኝ ነበር። እዚያ ሣጥን ሲመጣ መዝገብ ጠባቂው በመስኮት ብቅ ብሎ ስም ይጠራል። ስሜን ጠራ። ሳላስበው፣ እቤት እንደተጠራሁ ሁሉ፣ በራሳችን አፍ «አቤት!» አልኩ።

ሰውዬው ቀና ብሎ አየኝ። «አቤት?» አለኝ። «የትኛው አቤት? ብዙ አሉን።»

መጀመሪያ የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። ገብቶ አንድ የቅጥር መዝገብ አመጣልኝ። አባባ፣ ወደብ ላይ በአንድ ቀን የተቀጠሩ ሰዎች ናቸው፣ በአንድ ሰው እጅ የተጻፉ። ጸሐፊው ቋንቋችንን አያውቅም። አስተርጓሚው የሰውየውን ስም ይጠራል፤ ሰውዬውም እንደ ወጉ «አቤት!» ይላል። ጸሐፊው ደግሞ ስሜ ነው ብሎ የነገረው መስሎት የሰማውን ይጽፋል። አሥራ አንድ ሰው። ከላይ እስከ ታች አቤት፣ አቤት፣ አቤት። ከነሱ ሥር ያለው ሰው ደግሞ «ምን አለኝ» ተብሎ ተመዝግቧል።

ስቄ ነበር። ከዚያ ገጹን ስመለከተው ሳቄ ጠፋ። ሁሉም አንድ ላይ የሚመልሱልኝ መሰለኝ፤ የጠራኋቸው ግን እኔ አይደለሁም። መዝገቡን ከድኜ ደጅ ወጣሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማጠቢያው ቤት ስሜን ሲጠሩኝ ቶሎ አልመልስም፤ ጓደኞቼ ጆሮዋ ታሟል ይላሉ።

ኋላ ተመልሼ ገብቼ የእያንዳንዳቸውን ዕጣ በቁጥራቸው ተከትዬ አንብቤያለሁ። አንደኛው አቤት መርከቡ ላይ በንዳድ ሞተ። ሦስተኛው አቤት የቆሰለ መኮንን ከጥይት መካከል ተሸክሞ አውጥቶ እዚያው ወደቀ፤ ሜዳይ ተሰጥቶታል፣ የሚወስደው ዘመድ ስላልተገኘ ሜዳዩ እስካሁን እዚህ አለ። አራተኛው አቤት ወጥ ቤቱን በጥፊ በማለቱ ታሰረ። ሌሎችም አሉ። የኛ ሰው የትኛው እንደሆነ ግን አላውቅም። መዝገቡ ላይ የአካል ምልክት የሚጻፍበት ቦታ አለ። አባትዎ የሚታወቁበት ምልክት ነበራቸው?

ልጅዎ


የካቲት 24

የአጎቴ የልጅ ልጅ፣

አንቺን ያህል ዘመድ የሰጠኝ ይመስገን። ዕድሜሽ ይርዘም፣ ዓይንሽ አይፍዘዝ።

አቤት! አይ አባቴ! እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የምለው። ሰው ሲጠራ አቤት ካላለ ምን ሊል ነው? ልብስ ሰፊዋ እስክትንፈራፈር ሳቀች፤ ደንበኛ መርፌ ወጋት ብሎ ሮጦ ገባ። «ምን አለኝ»ን ለጎረቤቱ ሁሉ አውርቻለሁ።

እንግዲህ ስሚኝ። አባቴ ሦስተኛው ነው። ምልክት ምን ያደርጋል? ሰው ተሸክሞ ከጥይት የሚያወጣ፣ እሱ ነው አባቴ። ሜዳዩን ተቀበይልኝ።

(«ምልክቱን እትዬን ይጠይቋቸው» ብዬ ሁለት ቀን ጨቀጨቅኳቸው። ከዚህ በታች ያለው ከጠየቁ በኋላ ነው።)

እሺ፣ ጠየቅኳት። እንዲህ ነው የተባባልነው፦

«እትዬ፣ አባታችን ምልክት ነበረው?»

«ደብዳቤው መጣ ማለት ነው?»

«ምልክት ነበረው ወይ ነው የምልሽ።»

«የግራ እጁ ትንሿ ጣት አትታጠፍም። እኔ ነኝ በር የዘጋሁባት። እጁን ጨብጦ አሳየኝ ስለው እሷ ብቻዋን ቆማ ትቀር ነበር። እስቃለሁ። አንተማ ምኑን አይተህ!»

ይቺን «ምኑን አይተህ» ዕድሜ ልኬን ነው ስሰማት የኖርኩት። ጣቲቱን ፈልጊያት። ሦስተኛው ላይ ታገኛታለሽ።


ሚያዝያ 8

ለተከበሩ አባባ፣

ሰላም ለቤትዎ። ሰላም ለእትዬ አልጋ። ሰላም ለልብስ ሰፊዋም፤ እባክሽ እህቴ፣ ይህን ቀስ ብለሽ አንብቢላቸው።

ሦስተኛው አቤት አሥር ጣቶቹ ደህና ናቸው። የማትታጠፍ ጣት ያለችው ሰባተኛው ላይ ነው። «የግራ እጅ ትንሿ ጣት፣ የማትታጠፍ፣ ለመተኮስ አታግደውም» ይላል።

አባባ፣ ሰባተኛው አቤት አልወደቀም። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ኖሯል። ረጅም ዘመን ኖሯል፤ እዚሁ፣ እኔ ባለሁበት ከተማ። ባቡር ጣቢያ ውስጥ፣ መንገደኛ ረስቶት የሄደው ዕቃ የሚቀመጥበት ክፍል ጠባቂ ነበር። ጡረታውን እስከ ዕለተ ሞቱ ተቀብሏል።

የጡረታ ወረቀቱ ላይ ያለውን አድራሻ ይዤ ሄድኩ። በአውቶቡስ ሁልጊዜ የማልፍበት መንገድ ነው። ክፍል የሚያከራዩ ሰዎች ቤት፤ ጠባብ ደረጃ፣ ቀለሙ የተላጠ መደገፊያ። የቤቱ እመቤት አሁን አሮጊት ናት፣ ያኔ ልጅ ነበረች። ስሙን ስነግራት ፊቷ በራ። እንዲህ አለችኝ፦ «እኛ ልጆች ከደረጃው ሥር ሆነን 'አቤት!' ብለን እንጠራዋለን። እሱም ከላይ 'አቤት!' ይላል። ደግመን እንጠራዋለን፣ ደግሞ ይላል። በስሙ ሲጠሩት ስሙን መልሶ የሚናገር ሰው እሱን ብቻ ነው ያየሁት። እብድ ነው ስንል እናቴ ትቆጣን ነበር።»

ክፍሉን አሳየችኝ። አንድ አልጋ፣ አንድ መስኮት፣ ፊት መታጠቢያ። ሌላ ተከራይ ገብቶበታል፣ ሸሚዙን አስጥቷል። ደረጃውን ስወርድ ከኋላዬ አንድ ሰው የተጠራ መሰለኝ። ዘወር አላልኩም።

አባትዎ ወደ አገር ሊመለሱ ለምነዋል፣ አባባ። ሦስት ማመልከቻ አለ። በጦሩ መርከብ የሚመለሰው ቤተሰብ እንዳለው ከአገሩ ሲረጋገጥለት ነው። እዚህ ያለው ቢሮ ወደ ወደቡ ከተማ ጽፎ ጠየቀ። መልሱ መጣ፦ «በዚህ ስም የሚታወቅ ሰው፣ ሚስትም ሆነ ልጅ፣ የለም።» ስሜ ሌላ ነው ብለው ደግሞ አመለከቱ። ወረቀቱ ጫፍ ላይ አንድ ሰው «ስሙ አቤት መሆኑን ሲቀጠር በራሱ አፍ ተናግሯል» ብሎ ጽፎበታል።

የማውቀው ይህን ነው። ለእትዬ እንዴት እንደሚነግሯቸው እርስዎ ያውቃሉ።

ልጅዎ


ሰኔ 3

ለአባባ፣

ሰላም ይብዛልዎ። ያለፈው ደብዳቤዬ ደርሶ ይሆን? ክፉ ነገር ጽፌ ከሆነ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አንድ መስመር ብቻ ይላኩልኝ።


ሰኔ 25

እህቴ፣

እኔ ልብስ ሰፊዋ ነኝ፤ ይህን ከራሴ ነው የምጽፍልሽ። ደብዳቤሽ ደርሷል። አነበብኩላቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ተነስተው ወጡ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ይመጣሉ፣ በርጩማው ላይ ይቀመጣሉ፣ እኔ ወረቀት ሳወጣ ይነሳሉ። አንድ ቀን ብቻ «የተረሳ ዕቃ ጠባቂ» አሉ፤ ምን አሉ ስላቸው «ክር አለቀብሽ ነው ያልኩት» አሉኝ። እትዬ በሕይወት አሉ። አልነገሯቸውም። ታገሻቸው።


ሐምሌ 19

የአጎቴ የልጅ ልጅ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ዘገየሁ። ይቅርታ አልልሽም፤ አፌ አልታዘዝ ብሎኝ ነው።

መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። ጀግና ሰጥተሽኝ ዕቃ ጠባቂ አደረግሽብኝ። ልጅ ጥሎ በባዕድ አገር ጡረታ የሚበላ አባት አለኝ ብዬ ለማን እናገራለሁ ብዬ ነበር። ኋላ ግን ያ «የለም» የሚለው መልስ ሌሊትና ቀን ጆሮዬ ላይ ይጮህ ጀመር። ማነው የለም ያለው? ጠያቂው መጥቶ ነበር ወይ?

መጥቶ ነበር። አይቼዋለሁ።

እናቴን ቀሚሷን ይዤ የምከተል ልጅ ነኝ፤ እዚሁ ወደባችን ገበያ ነን። አዋጅ ነጋሪው ከፍ ካለ ቦታ ቆመ፣ ወረቀት የያዘ ጸሐፊ ከጎኑ አለ። «የአቤት ቤተሰብ!» ብሎ ጮኸ። ገበያው በአንድ ድምፅ «አቤት!» አለ። ሰውዬው ግራ ገባው። «የአቤት ሚስት! የአቤት ልጆች!» ሲል ደግሞ ሽንኩርት ሻጩ፣ ሸክም ያለው፣ አህያ የሚነዳው፣ ሁሉም «አቤት! አቤት!» እያለ ሆዱን ይዞ ይስቃል። አዋጅ ነጋሪው ራሱ ሳቀና ከድንጋዩ ወረደ። ጸሐፊው ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጻፈ።

በከተማችን እስከ ዛሬ ድረስ ባለቤት የሌለው ነገር ሲገኝ «የአቤት ቤተሰብ ይውሰደው» ይባላል። እኔም እላለሁ። የወደቀ ቁልፍ ሳገኝ፣ የጠፋ ዶሮ ሳይ፣ ስንቴ ብያለሁ።

እናቴ ቅርጫቷን መሬት አስቀምጣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። ዓይኗን በነጠላዋ እየጠረገች «ምስኪን የአቤት ሚስት! ማን ትሆን?» አለች።

ልብስ ሰፊዋ መጻፏን አቁማለች። ጻፊ እንጂ።

አሁን አንድ ነገር እጠይቅሻለሁ። የሚያዝያው ደብዳቤሽ አንድ ነገር የተደበቀበት ቦታ አለው፤ የሚያነብ ሰው ቢያልፈውም የሚያደምጥ ሰው ያውቀዋል። ጡረታ የሚበላ ሰው ሚስትና ልጅ አለህ ወይ ይባላል። እኔም የጉምሩክ ዘበኛ ሆኜ ጡረታ ስወጣ ተጠይቄያለሁ። እሱ ምን አለ? ስንት ልጅ አለኝ አለ?


ነሐሴ 21

ለተከበሩ አባባ፣

ፈጣሪ ልብዎን ያጽናልኝ።

ልክ ነዎት፣ ደብቄያለሁ። እንደ አንሶላ አጣጥፌ አስቀምጬው ነበር።

ጡረተኛ በየዓመቱ በሕይወት መኖሩን ለማሳየት ቢሮ መቅረብ ነበረበት። ሲቀርብም ቤተሰቡን ይጠይቁታል። ወረቀቶቹ ሁሉ አሉ። በእያንዳንዱ ላይ ያው ነው፦ ሚስት አለችኝ፣ በሕይወት ናት። ልጅ አለችኝ። የእትዬን ስም ይናገራሉ። ጸሐፊዎቹ በተለዋወጡ ቁጥር ስማቸው በሌላ ፊደል ይጻፋል፣ ግን እትዬ ናቸው። የመጨረሻው ዓመት ወረቀት ላይ የአባትዎ የጣት አሻራ ተድበስብሷል። እሱም ላይ እትዬ አሉ።

ልጅ አንዲት ነው የሚለው፣ አባባ። ወንድ ልጅ የሚል የለም። ስለ ልጅ መወለድ የመጣ ወሬም የትም ቦታ አላገኘሁም። ከቤት ወሬ የሚላከው በእውነተኛ ስማቸው ነበራ፤ በዚያ ስም የሚጠራ ወታደር ደግሞ እዚህ አልነበረም።

እርስዎ ጠመንጃ የተተኮሰልኝ ልጅ ነኝ ሲሉ እየሰማሁ እንዴት ልጻፈው?

መቃብራቸው ተገኝቷል። የወታደሮች መቃብር ነው፣ ድንጋዮቹ ሁሉ እኩል ናቸው። ገና አልሄድኩም፤ ያለ እርስዎ ፈቃድ አልሄድም ብዬ ነው። የመቃብሩ ቢሮ አንድ ነገር ጠይቋል። ድንጋዩ ላይ በነሱ ፊደል «አቤት» ብቻ ነው ያለው። ልጅ ከጠየቀ ድንጋዩን አንስተው በእውነተኛው ስም ሌላ ያቆማሉ። ወረቀቱን ልኬልዎታለሁ፤ ከፈለጉ በአውራ ጣትዎ ይፈርሙ።

ልጅዎ


መስከረም 30

የአጎቴ የልጅ ልጅ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። የደበቅሽኝ ለኔ ብለሽ ነው፤ አልቀየምኩሽም። ሁለተኛ ግን አትደብቂኝ። ሽማግሌ ነኝ እንጂ ሸክላ አይደለሁም።

ለእትዬ ነገርኳት። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ከወደቡ ጀምሬ፣ አሥራ አንዱን፣ ጣቲቱን፣ ደረጃውን፣ ገበያውን፣ ሁሉንም። የእናቴን ሳቅ ስነግራት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። በየዓመቱ ስምሽን ይናገር ነበር ስላት ግን ተመለሰች። እንደ ልጅ ነው የሆነችው።

«በየዓመቱ?»

«በየዓመቱ።»

«የኔን ስም?»

«ያንቺን ነው ያልኩሽ፣ አሁን ደግሞ ጆሮሽም ደከመ?»

«አንተንስ?»

ብርድ ልብሷን ማስተካከል ጀመርኩ።

«አንተማ አልተጠራህም» አለችኝ። ለምን እዋሻለሁ፣ ሳቋን መያዝ አቅቷት ነው ያለችው። ይህን ሁሉ ዘመን በጠመንጃዬ ስኮራባት ኖሬ፣ ተራዋን ወሰደች። ከዚያ እጄን ፈልጋ ያዘች። እጅ የምትይዝ ሴት አይደለችም። «አንተን እኮ ማንም አልነገረው» አለችኝ። «የሚነግረው ሰው ላክበት እንጂ፣ ምን ታለቅሳለህ?»

አላለቀስኩም። ጻፊ፣ አላለቀሰም ብለሽ።

(አላለቀሱም።)

ስለዚህ ወረቀቱን ሳልፈርም መልሼልሻለሁ። ድንጋዩን እንዳይነኩት። ምክንያቱ ሳይገባሽ እንዳይቀር በደንብ ስሚኝ። እረፍት በምታገኚበት ቀን ወደዚያ ሂጂ። ከግርጌው በኩል ቁሚ፣ ፊት ለፊቱ። ስሙን ታውቂዋለሽ፤ እዚህ አላስጽፈውም፣ ስሙ ወረቀት ላይ ሲወጣ የደረሰበትን አይተናል። በአፍሽ ጥሪው። የመዝገቡን ቤት ሹክሹክታ እዚያ አትውሰጂ፤ ደጅ ላይ ሆና ባሏን ለራት እንደምትጠራ ሴት፣ በሙሉ ድምፅሽ ጥሪው። እናቴ የምትጠራው እንደዚያ ነበር አሉ። የሚያይሽ ሰው ቢኖር ይይሽ።

ጠርተሽው ስታበቂ ድንጋዩን አንብቢ። መልሷል።

ያን ጊዜ እንዲህ በይው፦ ወንድ ልጅ ተወልዶልሃል። እናትየውም ልጁም ደህና ናቸው። ማርጀቴን አትንገሪው።

አጎትሽ